«ኮፊ» የተባለው የእንግሊዝኛ የተክል ስምና የከፋ አገር

ቡና ከኢትዮጵያ የወጣ ተክል መሆኑን ዛሬ የሚጠራጠር ሊቅ የለም። ከዚህ እውነት ጋር ተጣብቆ ግን አንድ ሌላ ቃል ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲተላለፍ ይኖራል፤ ይኸውም እንግሊዞች ቡናን የሚጠሩበት «ኮፊ» የተባለው ስም ከከፋ አገር ስም የተወረሰ ነው የሚለው ነው። የጉዞ መጻሕፍት ይጽፉታል፤ ነጋዴዎች በማስታወቂያቸው ያትሙታል፤ መምህራን ለልጆች ያስተምሩታል፤ ተማሪዎችም የጥናት ጽሑፋቸውን ሲያዘጋጁ እንደ ታወቀ ነገር አስቀምጠውት ያልፋሉ። የሚቀርበውም ማስረጃ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ቡና በከፋ ዱር ይበቅላል፤ «ከፋ»ና «ኮፊ»ም በድምፅ ይመሳሰላሉ። ሁለቱም እውነት ናቸው። ሁለት እውነቶች ጎን ለጎን መቆማቸው ግን አንዱ የሌላው ልጅ መሆኑን አያስረዳም።

ከሁሉ አስቀድሞ የተክሉን አገርና የስሙን መንገድ መለየት ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የተክሉ ነገር በስም ላይ የተመሠረተ አይደለም። ዐረቢካ የሚባለው ቡና ሳይተከል በዱር የሚገኘው በተለይ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ውስጥ ነው፤ በአጠገቡም በደቡብ ሱዳን በቦማ አምባ ይገኛል። በ1964 እና በ1965 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት የላከው የቡና ጥናት ቡድን በዚያ ደን እየተዘዋወረ ዘር ሰብስቧል፤ ዝርያው በብዛት የሚለያየውም በዚያው ነው። በ2024 «ኔቸር ጄኔቲክስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ደግሞ ዐረቢካ ከሁለት የቡና ዓይነቶች መዳቀል የተወለደበትን ዘመን ወደ 610,000 ዓመት ገደማ አድርሶታል። ይህ ሁሉ ከፋ፣ ጎረቤቶቿም የቡና አገር መሆናቸውን በጽኑ ያቆማል። የእንግሊዝኛው ቃል ከየትም ቢመጣ ከዚህ አንዲት ፍሬ አይቀነስም።

ስሙ የተጓዘበት መንገድ ግን ሌላ ነው። እንግሊዝኛው «ኮፊ»፣ ከእርሱም ጋር የሆላንድኛው፣ የኢጣልያንኛውና የፈረንሳይኛው ስም፣ ሁሉም ከቱርክኛው «ካህቬ» የመጡ ናቸው። ቱርክኛው ደግሞ የዐረብኛው «ቀህዋ» ነው። የዐረብኛው ቃል ሥር ፊደላት ሦስት ናቸው፤ ቀ፣ ሀ፣ ወ። ቱርኮች የዐረብን «ወ» እንደ «ቨ» አድርገው ስለሚናገሩት «ቀህዋ» በአፋቸው «ካህቬ» ሆነ። ከዚያም ይህ ቃል ወደ አውሮፓ ሰዎች አፍ ሲገባ በመካከሉ ያለው የ«ህ» እስትንፋስ ተከታዩን «ቭ» አፍኖ ወደ «ፍ» ለወጠው። ይህ ለውጥ በድምፅ ሊቃውንት ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ማንም ሰው «ካህቬ» የሚለውን ቶሎ ቶሎ ደጋግሞ ቢናገር በራሱ አፍ ሲፈጸም ሊሰማው ይችላል።

እንግዲህ የክርክሩ ሁሉ ማሰሪያ ይህች አንዲት «ፍ» ናት። ከፋንና ኮፊን አንድ የሚያስመስላቸው እርሷ ስትሆን፣ የተወለደችው ግን ቃሉ ከዐረብ አገር ወጥቶ፣ የቱርክን ግዛት አቋርጦ አውሮፓ ከደረሰ በኋላ ነው። ስሙ ከከፋ ተነሣ የሚል ሰው የሚከተለውን ማመን ይኖርበታል፤ የከፋ «ፈ» ቀይ ባሕርን ሲሻገር ጠፍቶ ወደ «ህ»ና «ወ» ተለወጠ፤ በቱርክ ዘንድ «ህ»ና «ቭ» ሆኖ ቆየ፤ ከዚያም ከፋን የሚባል አገር ሰምተው በማያውቁ ነጋዴዎች አፍ እንደ ገና ተመልሶ «ፍ» ሆነ። በባሕር የሰጠመ ፊደል በቬኒስ ወደብ ብቅ አለ ማለት ነው።

ዐረቦችስ ቢሆኑ «ፈ»ን ወደ ሌላ የሚለውጡበት ምን ችግር ነበረባቸው? ቋንቋቸው «ፈ» የጎደለው አይደለም። ቡናውን የሚጠጡበትን ዕቃ «ፊንጃን» እያሉ የሚጠሩ ሰዎች የከፋን «ፈ» ለመጥራት ምላሳቸው አይተሳሰርም ነበር። እንዲሁም «ከ» እና «ቀ» በዐረብኛ እንደ አማርኛው የተለያዩ ድምፆች ናቸው፤ ከፋ በ«ከ» ይጀምራል፤ ቀህዋ በ«ቀ» ይጀምራል። ስለዚህ ከሦስቱ ሥር ፊደላት አንዱ እንኳ ከከፋ ስም ጋር አይገጥምም። አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ተማሪ «ቀረ»ና «ከረ» አንድ ነው የሚለውን ሰው እንደማይቀበል ሁሉ ይህንንም በቀላሉ ሊቀበል አይገባውም ነበር።

ከድምፁ ትምህርት ይልቅ የበለጠ የሚያሳምነው ግን የጥንቶቹ የእንግሊዞች ጽሑፍ ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ የታየው መጀመሪያ በ1598 ሲሆን፣ የሆላንዳዊው የሊንስሆተን የጉዞ መጽሐፍ ሲተረጎም በውስጡ በነበረው ማብራሪያ «ቻኡዋ» ተብሎ ነው። ከዚያ በኋላ በ17ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ እንግሊዞች ቃሉን በሁለት ዓይነት ሲጽፉት ይገኛል። አንደኛው ዓይነት «ኮሆ»፣ «ካውሃ» የመሰለው ሲሆን በውስጡ «ፍ» የለበትም። ሁለተኛው «ኮፋ» የመሰለው ነው። ሁለቱን ዓይነቶች የጻፏቸው ሰዎች የት እንደ ነበሩ ቢጠየቅ ነገሩ ወዲያው ይገለጣል። «ኮሆ»ና «ካውሃ» እያሉ የጻፉት በሞካና በሱራት የነበሩት የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ወኪሎች ናቸው፤ እነዚህ ከዐረብ ነጋዴዎች ጋር የሚገበያዩ፣ ከኢትዮጵያም ዳርቻ አንጻር በመርከብ የሚመላለሱ ሰዎች ነበሩ። «ኮፋ» ብለው የጻፉት ግን በሐለብ የእንግሊዝ ነጋዴዎች ቄስ የነበረው ዊልያም ቢዳልፍ፣ ጽሑፉ በ1609 የታተመለት፣ እንዲሁም በ1610 ቁስጥንጥንያን የጐበኘውና መጽሐፉን በ1615 ያወጣው ጆርጅ ሳንዲስ ናቸው፤ ሁለቱም የቱርክን አነጋገር በሰሙበት አገር የነበሩ ናቸው።

ይህ ክፍፍል የከፋን ሐሳብ ከሥሩ ይነቅለዋል። «ፍ» ከከፋ የመጣች ብትሆን ኖሮ በይበልጥ መሰማት የነበረባት ለኢትዮጵያ ቅርብ በሆነው በሞካ ሲሆን፣ በሩቁ በቁስጥንጥንያ ደግሞ መደብዘዝ በተገባት። የተገኘው የዚህ ተቃራኒ ነው። ወደ ከፋ በቀረቡ መጠን «ፍ» ትጠፋለች፤ ከከፋ በራቁ መጠን ትገኛለች።

ሰር ቶማስ ኸርበርት የተባለው እንግሊዛዊ የፋርስን አገር አይቶ የጻፈው መጽሐፍ በ1638 እንደ ገና ሲታተም፣ ዐረቦች ይህን መጠጥ «ካሁዋ»፣ ቱርኮች ግን «ካፌ» እንደሚሉት ለይቶ ተናግሯል። ይህን ምስክርነት በ1909 «ኖትስ ኤንድ ኩዊሪስ» በተባለው የለንደን መጽሔት በተደረገው ክርክር ላይ ያቀረበው ኮሎኔል ፕሪዶ ነው። ይህ ሰው ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ካሰሯቸው፣ በ1868 ከተፈቱት እንግሊዞች አንዱ ነበር። የኢትዮጵያን ምድር በእግሩ የረገጠና ከመከራዋም የቀመሰ ሰው የቃሉን ነገር በመረመረ ጊዜ ወደ ከፋ ሳይሆን ወደ ቱርክና ወደ ዐረብ አነጋገር መሄዱ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

የከፋን ሐሳብ የእንግሊዝ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች አልሰሙትም ብሎ የሚያስብ ቢኖር ይሳሳታል። ጄምስ መሪ ያዘጋጀው፣ በኋላ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት የተባለው ታላቅ ሥራ፣ ይህን ቃል የያዘው ክፍሉ በ1891 ሲወጣ ሐሳቡን ጠቅሶ ማስረጃ የሌለው መሆኑን ተናግሯል። ከዚያም አልፎ ቀህዋ የሚለው ስም ለተክሉም ሆነ ለፍሬው እንደማይሰጥ፣ የተክሉ ስም በዐረብኛ «ቡን» መሆኑን፣ በሸዋም የሚጠራው በዚሁ ስም መሆኑን አስታውሷል። ከመቶ ዓመት በላይ በመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ያለ መልስ ሳይነበብ ጥያቄው እንደ አዲስ ግኝት ሲደጋገም መኖሩ የሚያሳዝን ነው።

በድምፅ መመሳሰል ብቻ ከተፈረደ ደግሞ ከከፋ የተሻለ መብት ያላት ሌላ ከተማ አለች። በጥቁር ባሕር ዳርቻ፣ በክሪሚያ፣ የጀኖዋ ነጋዴዎች ለብዙ ዘመን የያዟት ታላቅ የንግድ ወደብ ስሟ «ካፋ» ነበር፤ በ1475 ቱርኮች ወሰዷት። በዚህች ከተማ ኢጣልያንኛ ተናጋሪና ቱርክ ተገናኝተዋል፤ መርከቦችም ወደ ኢጣሊያ ተመላልሰዋል፤ «ፍ» የተወለደችውም በእነዚሁ በሁለቱ ሕዝቦች መካከል ነው። አንባቢ ይፍረድ፤ ማስረጃው መመሳሰል ብቻ ከሆነ የክሪሚያዋ ካፋ ለምን ተተወች? የተተወችበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ በክሪሚያ ቡና አይበቅልም። እንግዲህ የከፋ ሐሳብ ደጋፊዎች በልባቸው የሚታመኑት በስሙ ሳይሆን በተክሉ ነው፤ ስሙን በተክሉ ያስረዳሉ፤ ተመልሰው ደግሞ ተክሉን በስሙ ያስረዳሉ።

በውነቱ ከአገር ስም የተወለዱ የእንግሊዝኛ የተክል ስሞች ብዙ አሉ፤ የእነርሱ የልደት ታሪክ ግን እንዲህ በአየር ላይ የቆመ አይደለም። እንግሊዞች ዛሬ «ከረንት» የሚሉት ትንሹ የደረቀ ዘቢብ ስሙ የግሪኮች ከተማ ቆሮንቶስ ነው፤ ይህም የሚታወቀው በመካከለኛው ዘመን ነጋዴዎች «የቆሮንቶስ ዘቢብ» እያሉ የጻፉት ጽሑፍ ስለሚገኝ ነው። «ፒች» የሚሉት ኮክ በላቲን «የፋርስ ፍሬ» ይባል ነበር፤ «ዳምሰን» የሚሉት ፍሬ የደማስቆ ነው፤ «ሻሎት» የተባለው ትንሽ ሽንኩርት በላቲን «የአስቀሎና ሽንኩርት» የተባለው ነው፤ በመካከል ያለውም የጥንት ፈረንሳይኛ ቅርጽ በጽሑፍ ይገኛል። በእነዚህ ሁሉ ስሙ ሲጀምር የአገር ስምና የፍሬ ስም አብረው ተጽፈው ይታያሉ፤ ቀጥሎ የፍሬው ስም ይወድቅና የአገሩ ስም ብቻውን ይቀራል። ለቡናም ቢሆን ይህ ደርሶበታል፤ «ሞካ» የሚለው ስም ከየመን ወደብ የተወሰደ ነው፤ ጭነቱ ከዚያ ይነሣ ስለ ነበረ ነጋዴው ወደቡን ያውቀዋል። «የከፋ ቡን» ወይም «የከፋ ቀህዋ» ከሚል ጥንታዊ የንግድ ጽሑፍ የተነሣ እንዲህ ያለ ሰንሰለት ግን ለከፋ አልቀረበለትም።

የዘመኑም ነገር አለ። ቀህዋ የሚለው ቃል የቡና መጠጥ ከመታወቁ ብዙ አስቀድሞ በዐረብኛ የነበረ ነው፤ ትርጓሜውም የወይን ጠጅ ነበር። በ9ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ የነበረው ባለቅኔ አቡ ኑዋስ ጠጅን ሲያወድስ ይህን ስም ይጠቀምበታል። የቡና መጠጥ በየመን በሱፊዎች ዘንድ በተረጋገጠ ሁኔታ የሚታወቀው ግን ከ15ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ነው። በመካከል ከስድስት መቶ ዓመት በላይ አለ። ቃሉ ከከፋ የመጣ ከሆነ በባግዳድ መሸታ ቤት ያለ ቡና ምን ሲሠራ ኖረ? የዐረብ መዝገበ ቃላት ጸሐፊዎች ስሙን የሚፈቱት የምግብን ፍላጎት መቀነስ ከሚል ግሥ ነው፤ ጠጁ ከምግብ ያስረሳል እንደ ማለት ነው። ይህ ፍቺ ትክክል ቢሆን ወይም ባይሆን የዘመኑን ነገር አይለውጠውም።

ዐብደልቃድር አልጀዚሪ በ1558 ገደማ ስለ ቡና መፈቀድ የጻፈው መጽሐፍ ለዚህ ጥናት ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅም ምንጭ ነው። በእርሱ ትረካ፣ በ1470 ገደማ የሞተው የዐደኑ ሊቅ አልዘብሓኒ ወደ «ዐጀም ምድር» ሄዶ ይህን መጠጥ ሲጠጡ አይቶ ወደ አገሩ እንዳመጣው ተጽፏል፤ ዐጀም ምድር ማለትም ከዐደን ባሻገር ያለው የአፍሪካ ዳርቻ እንደሆነ በብዙዎች ዘንድ ይታመናል። እንዲሁም ቀህዋ መጀመሪያ ይፈላ የነበረው ከ«ከፍታ» ማለት ከጫት ቅጠል እንደ ነበረ፣ በዐደን ከፍታ በጠፋ ጊዜ በቡን እንደ ተተካ ይተርካል። እዚህ ላይ ችኩል ተማሪ «ከፍታ»ን አይቶ «ከፋ» ብሎ እንዳይነሣ መጠንቀቅ ይገባል፤ አንዱን የድምፅ ወጥመድ ያመለጠ በሌላው ሊያዝ ይችላልና። ከዚህ ትረካ የሚወሰደው ቁም ነገር ሌላ ነው፤ ቀህዋ የአንድ ተክል ስም አልነበረም፤ ከልዩ ልዩ ነገር ሊዘጋጅ የሚችል መጠጥ ስም ነበር። ስለዚህም ዐረቦች ከገለባው የሚፈላውን «የቅሽር ቀህዋ»፣ ከፍሬው የሚፈላውን «የቡን ቀህዋ» እያሉ ይለዩ ነበር።

በዚህ ላይ አንድ ብልኅ ተከራካሪ እንዲህ ሊል ይችላል፤ «እሺ፣ ቀህዋ ጥንት የጠጅ ስም ይሁን፤ ነገር ግን ዐረቦች ከፋ የሚለውን ስም ሰምተው ወደሚያውቁት ወደ ቀህዋ አዛውረውት ቢሆንስ?» እንግዳ ስም ወደ ታወቀ ቃል መዛወሩ በሌላ ቦታ የሚደርስ ነገር ስለሆነ አሳቡ በባዶ የሚጣል አይደለም። ሆኖም የታሪኩ ሁኔታ ይቃወመዋል። በ1511 ኻኢር ቤይ በመካ ቡናን ባስከለከለ ጊዜ፣ ከዚያም በኋላ በነበሩት ክርክሮች፣ መጠጡ በጠጅ ስም መጠራቱ ለወዳጆቹ ትልቅ ፈተና ነበር። ስሙ ከጠጅ ሳይሆን ከአንድ አገር ስም የመጣ ነው ቢሉ ጠበቆቹ ምንኛ በቀለላቸው! አልጀዚሪ ራሱ ስለ ቡና ሲሟገት ስሙን የሚፈታው ግን በዐረብኛው ግሥ እንጂ በአገር ስም አይደለም። በጣም የሚጠቅማቸውን መልስ ያልተጠቀሙበት መልሱ ስላልነበረ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ሐሳቡ ከማን እንደ ተነሣ ማስተዋልም ያስፈልጋል። «ቀህዋ»ን የሰማ ሰው ከፋን ሊያስታውስ አይችልም፤ «ካፌ» ወይም «ኮፊ» የሚል ሰው ብቻ ነው ሁለቱን የሚያገናኝ። ከፋዎች ራሳቸው ቡናን «ቡኖ» ይሉታል፤ ስለዚህ በከፋ ሽማግሌ አፍ ይህ ትርጓሜ በተፈጥሮ ሊወለድ አይችልም። በአውሮፓ ቋንቋ ያሰበ ሰው የካርታ ስም አይቶ የፈጠረው ነው፤ እኛ ዘንድ የደረሰውም በትርጉም ነው። ከውጭ የመጣ ግምት በአገር ልብስ አጊጦ የአገር ቅርስ መስሎ ሲቀርብ፣ ሊመረምሩት የሚገባቸው ሰዎች ሳይቀሩ እንዳይነካ ይጠብቁታል። ስለ ፍየል ጠባቂው የሚነገረው ተረትም ዕድሉ ይህን ይመስላል፤ በ1671 በሮም ናይሮኒ የተባለው የሊባኖስ ማሮናዊ ባሳተመው መጽሐፍ እረኛው ስም አልነበረውም፤ «ካልዲ» የሚለው ስም የተጨመረለት በኋላ ነው።

አማርኛ ተናጋሪ ይህን ስሕተት ለመቀበል የሚዘጋጅበት አንድ ምክንያት ከቋንቋው ይመነጫል። በአማርኛ ተክሉም ቡና ነው፤ ፍሬውም ቡና ነው፤ የተወቀጠውም፣ የተፈላውም ቡና ነው፤ «ቡና ጠጡ» መባባልም አብሮ መቀመጥና መጨዋወት ማለት ጭምር ነው። በሐረር ከቅጠሉ የሚፈላው «ቁጢ» የራሱ ስም ቢኖረውም ዋናው ስም ግን አንድ ነው። በዐረብኛ ግን ለተክሉና ለፍሬው «ቡን»፣ ለመጠጡ «ቀህዋ» የሚባል ልዩነት አለ። ይህን ልዩነት ያልያዘ አንባቢ «ኮፊ የቡና ስም ነው» ሲባል የተክል ስም ይመስለዋል፤ የተክል ስም ከመሰለው ደግሞ የትውልድ አገሩን ለመፈለግ ይነሣል። የእንግሊዝኛው ስም ግን ከመነሻው የመጠጥ ስም ነበር፤ ወደ ተክሉ የወጣው ከጽዋው ነው።

ከዚህ የከፋ ክርክር የተነሣ ተሸፍኖ የቀረው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። አውሮፓውያን መጀመሪያ ስለ ቡና ሲጽፉ ሁለቱን ስሞች ለይተው ያውቁ ነበር። የአውግስበርጉ ሐኪም ሌዎንሃርድ ራውቮልፍ በ1573 በሐለብ ያየውን በ1582 ሲያሳትም መጠጡን «ኻውቤ»፣ ፍሬውን «ቡኑ» ብሎ ጽፏል። ኢጣሊያዊው ሐኪም ፕሮስፔሮ አልፒኒ በ1592 ስለ ግብፅ ተክሎች ባወጣው መጽሐፍ፣ በአንድ ቱርክ የአትክልት ቦታ ያየውን ዛፍ ሥዕሉን ጨምሮ «ቦን» ሲለው መጠጡን ግን «ካዎቫ» ይለዋል። ስለዚህ ወደ አውሮፓ የእጽዋት ትምህርት ቀድሞ የገባው የተክል ስም «ኮፊ» አልነበረም፤ «ቡና» ነበር።

ይህ «ቡን» የተባለው ስም ከወዴት ተነሣ ለሚለው ጥያቄ የአገራችን ቋንቋዎች የሚሰጡት ምስክርነት ከባድ ነው። በትግርኛና በሶማልኛ ቡን፣ በአማርኛና በኦሮምኛ ቡና፣ በከፋ ቡኖ ይባላል፤ የቃሉ ዘመዶች በሴማዊም በኩሻዊም በኦሞአዊም ቋንቋዎች ተሰራጭተው ሲገኙ፣ ተክሉም በዚያው ምድር በዱር ሲበቅል፣ ስሙ ከተክሉ ጋር ከኢትዮጵያ ወደ የመን ተሻገረ የሚለው አሳብ ያመዝናል። ከፋን ለመቃወም የቀረበው ጥብቅነት እዚህም ሊጠበቅ ይገባል። አልራዚና ኢብን ሲና ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት የጠቀሱት «ቡንክ» የተባለ መድኃኒት ቡና ነው እያሉ የሚከራከሩ አሉ፤ ኢብን ሲና ስለ ቡንክ የሚናገረው ግን ስለ ሥር እንጂ ስለ ቡና ፍሬ አይመስልም፤ ስለዚህ እርሱን እንደ ማስረጃ መቁጠር አይገባም። የቀረው ማስረጃ ያለ እርሱም ይበቃል።

ታዲያ «ቡና» ከእንግሊዝኛ እንዴት ጠፋ? መልሱ በንግድ ውስጥ ነው። እንግሊዞች ተክሉን አላዩም፤ ያዩት የተቆላና የተፈላ ነገር ነው። በ1652 በለንደን የመጀመሪያውን የቡና ቤት የከፈተው ፓስኳ ሮዜ ከሰምርኔስ ነጋዴ ጋር የመጣ አገልጋይ ነበር፤ ሰምርኔስም የቱርክ ወደብ ናት። ቡና ቤቶች በበዙ መጠን ከቱርክ አፍ የመጣው የመጠጥ ስም ገነነ፤ በሞካ በኩል የመጣው «ኮሆ» እንኳ አልተረፈም። ከዚያ ወዲያ ፍሬው «የኮፊ ፍሬ»፣ ዛፉም «የኮፊ ዛፍ» ተባለ። በመጨረሻም ሊኔዎስ በ1753 «ኮፌያ ዐረቢካ» ብሎ በሳይንስ አጸናው፤ የትውልድ ቦታውንም የደስታ ዐረብ ከሚባለው ከየመን ምድር አደረገው። እነሆ፣ ከሁለቱ ቃላት አንደኛው የመጠጥ ስም ነው፤ ሁለተኛው የመሸጋገሪያ አገር ስም ነው፤ የተክሉን አገር የሚናገር ከሁለቱ አንድም የለም። በዚህ ስም ቅር የሚለው ኢትዮጵያዊ ቢኖር ቅሬታው ተገቢ ነው፤ «ኮፌያ» የሚለውን ግማሽ ለከፋ በመስጠት ግን ቅሬታው አይካስም። እንዲያውም የከፋው ሰው «ቡኖ» የሚለውን የገዛ ቃሉን ትቶ የቱርኮችን ቃል የእኔ ነው እንዲል ማድረግ ነው።

የአገርን የተክል ስሞች ለመሰብሰብ ወደ ገጠር የሚወጡ ተማሪዎች ይህን ጉዳይ ቢያስቡበት ይጠቅማቸዋል፤ ሰው የሚጠራውን ስም እንደ ተባለ መጻፍ፣ ተክሉን ከፍሬው፣ ፍሬውንም ከመጠጡ ለይቶ መጠየቅ፣ ትርጓሜ የሚባለውን ደግሞ ማን እንደ ተናገረውና በምን ቋንቋ እንዳሰበው መርምሮ ማስቀመጥ። በቦንጋ ገበያ ለመዝጋቢ «ቡኖ» ብሎ የሚመልስ ሰው ስለ እንግሊዝኛው ስም ከሚጻፉት ማስታወቂያዎች ይልቅ ለታሪክ ይበልጥ ይናገራል።

«ቡና» በእንግሊዞች መጽሐፍ ጨርሶ ሳይታተም የቀረ ስም ግን አይደለም። ጆን ፓርኪንሰን የተባለው የእጽዋት ሊቅ በ1640 በለንደን ያወጣው ታላቁ የዕፅ መጽሐፍ፣ ከአልፒኒ ወስዶ ይህን ተክል ለእንግሊዝኛ አንባቢ ሲገልጽ፣ በአርእስቱ ላይ በላቲን ዛፉን «ቦን»፣ ፍሬውን «ቡና» ብሎ አስፍሯል፤ በእንግሊዝኛ ከሥሩ የጨመረው «የቱርኮች የፍሬ መጠጥ» የሚል ነው፤ ኮፊ የሚል ቃል በአርእስቱ የለም። ፓስኳ ሮዜ የለንደንን ቡና ቤት ሊከፍት ገና አሥራ ሁለት ዓመት ይቀረው ነበር።